የመምህር ታፈሰ እግር

የመምህር ታፈሰን ሞት በስልክ የነገረኝ የድሮ ባልደረባዬ፣ ዜናውን ከተናገረ በኋላ «አሁን ግን ሙሉ በሙሉ ነው» ሲል ጨመረበት። አላስገረመኝም። የሰውዬው ሞት አንድ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ተለፍፎ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሕዝብ ደረት እየመታ ሲመጣ፣ ሟቹ በር ላይ ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ ያየን ሰዎች ነን። ሁለተኛውን ዜና በጥንቃቄ መስማታችን አይፈረድብንም።

ስለ ሙታን ሲጻፍ ማጋነን የተለመደ ነው። ጋዜጣ ላይ የሚወጡትን የሐዘን መግለጫዎች ያመነ ሰው፣ በዚህ አገር ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም ብሎ መደምደሙ አይቀርም። እኔ መምህር ታፈሰን ደግ ነበሩ፣ ሊቅ ነበሩ እያልኩ አላስቸግራቸውም። ግትር ነበሩ። ሲያወሩ የሰሚውን ኮት ቁልፍ ይይዛሉ፤ ነገራቸው ሳያልቅ አይለቁም። በእሳቸው ምክንያት ሁለት ቁልፍ ጠፍቶብኛል። ካልሲያቸው ደግሞ ተጣጥሞ አያውቅም፤ አንዱ ቡናማ ከሆነ ሌላው የግድ ሌላ ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ በሕይወቴ ካወቅኳቸው ሰዎች ሁሉ፣ አንድ ሐሳብ ከአፉ ወጥቶ እንደዚያ ያለ ትርምስ ያስነሣበት ሌላ ሰው አላውቅም።

ዘመኑ የንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ዓመታት ነው። እኔ ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ ዛሬ 18 ማዞሪያ ከሚባለው ሰፈር ቁልቁል በሚገኝ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። መምህር ታፈሰ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው፤ ያን ጊዜ ወደ ሃምሳ ይጠጋሉ፤ ቤታቸው ወደ ቀራንዮ ነው፤ በእግራቸው ይመላለሳሉ። የተዋወቅነው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና የኮቴን ቁልፍ ያዙ።

«ወንድም፣ አንተ የአማርኛ ሰው ነህ አሉ። ገና ምንም ያልሆነ፣ ግን ሁሉንም መሆን የሚችል ነገር በአማርኛ ምን ይባላል?»

«የሚኒስትር የወንድም ልጅ» አልኳቸው።

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ አሰቡበት።

«አይሆንም» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ሁሉንም ይሆናል እንጂ ምንም አይሠራም። የኔዋ ትሠራለች።»

«የኔዋ» ያሏት ሴል ነበረች። ከአንድ ኤምባሲ ቤተ መጻሕፍት በሚዋሷቸው መጽሔቶች ላይ፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ እናት ሴሎች እንዳሉ አንብበው ነበር። እነዚህ እናቶች ራሳቸውን ይተካሉ፣ የደም ሴሎችንም ይወልዳሉ። በቆዳም፣ በአንጀትም የፈረሰውን የሚሠሩ መሰሎቻቸው አሉ። መጽሔቱ እዚያ ላይ ያቆማል፤ መምህር ታፈሰ ግን አላቆሙም። ለእነዚህ ሠራተኞች ስም ስናፈላልግ ቆይተን «ግንበኛ» ላይ ተስማማን። በሽታን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ማንንም ሳያማክሩ «ዘበኛ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ያስተማሩት ትምህርት ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ቆመ።

«ሰውነት ግቢ ነው» ይላሉ። «ዘበኛ አለው፣ ግንበኛ አለው። ሁለቱ ከተግባቡ ግቢው ግቢ ነው። ካልተግባቡ ግን፣ ተወው።»

ከወንዝ ያስቀዷቸውን ጭራ ያላቸው የእንቁራሪት ልጆች በብርጭቆ ማሰሮ አድርገው ለተማሪ ያሳያሉ። «እግር እያወጣች፣ ጭራዋ እየጠፋ ነው። ጭራውን ማን ወሰደው? ዘበኛው! አፍርሶ፣ ፍርስራሹን ጠራርጎ ይወስዳል። ግንበኛው በዚያኛው በኩል እግር ይሠራል። በልጅነት እንዲህ ናቸው፤ ዘበኛ ራሱ ድንጋይ ያቀብላል።»

«ስናረጅስ?» ብሎ አንዱ ተማሪ ጠየቀ።

«ስናረጅ ዘበኛው አይኑ ይደክማል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ጩኸቱ ግን ይብሳል። ባለቤቱ ላይ ሳይቀር ይጮኻል። ግንበኛው ያን ሰምቶ ከቤቱ አይወጣም። የጉልበት ሕመም የምትሉት ይኸው ነው።»

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እንሽላሊትን ነበር። በጫማ ካርቶን ውስጥ አንዲት ጭራዋ የተቆረጠ ያኖራሉ፤ ጭራዋ እንደገና ሲበቅል በየቀኑ ለተማሪ፣ ለመምህር፣ ለጽዳት ሠራተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛም ጭምር ያሳያሉ። «ያልተማረች ፍጡር ናት፤ ግን ዘበኛዋና ግንበኛዋ እንዴት እንደሚነጋገሩ ታውቃለች» ይላሉ። ርእሰ መምህሩ፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን ሊያስታውሷቸው አስጠርተዋቸው ነበር። «ሴሎቹ እንግሊዝኛ አይሰሙም» ብለው ወጡ።

አሁን ወደ እውነተኛው ዘበኛ ልምጣ። አስር አለቃ ቢራቱ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ካፖርቱን ሐምሌም ግንቦትም አያወልቅም። ትእዛዝ ይወዳል፤ ትእዛዝ ከሌለ ግን እጁ የት እንደሚሆን አያውቅም። በዚያ ዓመት ክረምቱ የትምህርት ቤቱን አጥር አንድ ጎን ይዞት ሄደ። ዘመኑ የተማሪ ሰልፍና የድንጋይ ውርወራ ስለነበር ርእሰ መምህሩ ደንግጠው፣ «አጥሩ እስኪጠገን ድረስ በፈረሰው በኩል ማንም ሰው እንዳይጠጋ» ብለው አዘዙ። ከዚያም ጀማል የሚባል ወጣት ግንበኛ ቀጠሩ፤ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ እጁ የተመሰገነ። መስከረም ላይ ጀማል ቱምቢውን አንጠልጥሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። እኔ በመስኮት አይቻለሁ፤ ሰምቻለሁም።

«ወዴት ነው?» አለው አስር አለቃ።

«አጥሩን ልሠራ ነዋ።»

«አጥሩ ፈርሷል።»

«እኮ፣ ስለፈረሰ ነው የመጣሁት።»

«እስኪጠገን ሰው እንዳይጠጋው ታዟል።»

«ካልተጠጋሁት በምን ልጠግነው አስር አለቃ?»

«እሱን አልታዘዝኩም።»

ርእሰ መምህሩ ትእዛዙን ያሻሽሉ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ያንን ዘመን አያውቀውም። ትእዛዝ ማሻሻል የመጀመሪያው ትእዛዝ ስህተት ነበር እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ትእዛዙም ቆመ፣ ቀዳዳውም ቆመ፣ ጀማልም በየማለዳው እየመጣ ቆመ። መምህር ታፈሰ ግን በደስታ ሊበሩ ደረሱ። ተማሪዎቻቸውን ካፊያ ላይ አውጥተው አሰለፉና በአለንጋ ጣታቸው አሳዩ።

«ተመልከቱ! የማይድን ቁስል ማለት ይኸ ነው። ዘበኛው ቁስሉን ከሚያድነው ሰው እየጠበቀው ነው!»

«ስድብ ነው መምህር?» አለ አስር አለቃ።

«ሳይንስ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ይሁን።»

የሳይንሱ ቅጣት ብዙ አልዘገየም። አንድ ጧት መምህር ታፈሰ አረፈዱ፤ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በሩ ይዘጋል። በፈረሰው በኩል ሊገቡ ሲሞክሩ አስር አለቃ ካፖርታቸውን ያዘ። እሳቸው ተፈናጥረው ሲዘሉ ቀዳዳው ላይ የተጋደመ የቆርቆሮ ስባሪ የግራ ቅልጥማቸውን ቧጨረው። ትንሽ ነገር ነበረች። በመሐረብ አስረው ገብተው አስተማሩ።

ያቺ ትንሽ ነገር አልዳነችም። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ቁስሉ ሰፋ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ሳያውቁት የስኳር በሽታ እንደያዛቸው ተነገራቸው። «ስኳር አይደለም፣ አለመግባባት ነው» ብለው ተመለሱ። ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ ፋሻውን ፈትተው ማስተማር ይጀምራሉ።

«ይኸውልህ፣ ይኼ የቀላው ዘበኛው ነው። መጥቶ ሥራውን ሠርቷል፤ ግን አልሄደም። ከዳር ያለችውን ሮዝ መሳይ አየሃት? ግንበኛዋ ናት። ደጅ ትጠናለች።»

«እግሩን ለእንግዳ ይገልጣል፣ ለሐኪም ግለጥ ሲሉት ይሸፍናል!» ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው ከጓዳ። ምላሳቸው ስል ነው፤ ኋላ እንደተረዳሁት ፍርሃታቸውን የሚሸፍኑት በምላሳቸው ነበር።

በጥር ወር ሐኪሙ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። እግሩ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከወጣ ሰውዬው ይሞታሉ። መምህር ታፈሰ እምቢ አሉ።

«አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ትምህርቱ አለቀ» አሉኝ። «ሥጋን ማግባባት ይቻላል ብዬ ያስተማርኳቸው ልጆች በአንድ እግር ስመጣ ምን ይላሉ?»

«ጭራሽ ካልመጡስ ምን ይላሉ?»

የኮቴን ቁልፍ ለቀቁ፤ ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

እትዬ አስካለ ወደ እድሩ ሽማግሎች ሄዱ። እድሩ የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። ዳኛው ባላምባራስ እሸቴ ናቸው፤ የሰላሌ ሰው፣ ክርክር የሚወዱ። አጠገባቸው የማይጠፉት የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሱልጣን ናቸው። እትዬ አስካለ የፈለጉት ባላቸውን እንዲመክሩላቸው ነበር። ነገር ግን እያለቀሱ ሲያስረዱ፣ «ቁስሉ ያልዳነው ዘበኛውና ግንበኛው ስላልተስማሙ ነው ይላል» አሉ። የአስር አለቃና የጀማልን ግብግብ በኮልፌ የማያውቅ የለም። መምህሩ የተጎዱትም እዚያው ቀዳዳ ላይ ነው።

«በሉ እንግዲህ!» አሉ ባላምባራስ የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ። «የሰው ነፍስ እንዲህ ባለ ነገር ተይዞ እስካሁን ዝም ተብሏል? ሁለቱን ማስታረቅ ነዋ!»

እሑድ ዕለት ሽማግሎቹ የፈረሰው አጥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ማንበብና መጻፍ ስለምችል ተጠርቼ ነበር፤ የሚነበብም የሚጻፍም ነገር ግን አልነበረም።

«አስር አለቃ፣ ይህ ልጅ ምን በደለህ?» አሉ ሐጂ ሱልጣን።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አታስገባውም?»

«ሐጂ፣ ዘንድሮ ድንጋይ የያዘ ሰው አስገባ ነው የሚሉኝ?»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ ነበር።

«ይኼኛው የሚወረውረው አይደለም፤ የሚያስቀምጠው ነው» አሉ ሐጂ በቀስታ።

ባላምባራስ ወደ ጀማል ዞሩ። «አንተ ታናሽ ነህ። ወግ ነውና ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቀው።»

«ከመስከረም ጀምሮ ተሸክሜ ነው የቆምኩት ባላምባራስ!»

«እንግዲያው ሸክሙ ተቆጥሮልሃል፤ ጎንበስ በል።»

ጀማል ጎንበስ አለ። አስር አለቃ ቢራቱ ካፖርቱን ቆልፎ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ቆለፈ። «የያዝኳቸው እኔ ነኝ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ለአጥሩ ቢሆን አላደርገውም ነበር። ለመምህሩ እግር ከሆነ ይግባ።» ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ባላምባራስ መረቁ፤ ሐጂ ዱዓ አደረጉ።

ከዚያ ሁላችንም ወደ ቀራንዮ ሄድን፤ እግሩን ልናይ። ሽማግሎቹ አልጋውን ከበው ተቀመጡ።

«ታርቀዋል» አሉ ባላምባራስ እንደ ባለድል።

«እነማን?» አሉ መምህር ታፈሰ።

«ዘበኛውና ግንበኛው ናቸው እንጂ ሌላ ማን አለ? እስቲ ፋሻውን ፍታው።»

መምህር ታፈሰ እያንዳንዳቸውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። አንገቴን ነቀነቅኩላቸው። ፈቱት። እግሩ የሰማው ነገር አልነበረም፤ ይልቁንም ብሶበታል። «ጌቶቼ፣ እኔ ያልኩት ለምሳሌ ነው» አሉ በትሕትና። «ዘበኛ የምለው በደሜ ውስጥ ያለውን ነው።»

«ለምሳሌ ከሆነ ቀድመህ አትናገርም? እሑዳችንን እኮ ነው ያጠፋነው!» ባላምባራስ በእውነት ተቆጥተው ነበር። እትዬ አስካለ ግን ሳቁ፤ ከጥር ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደባቸውና ወደ ጓዳ ገቡ።

እርቁ ለእግሩ ባይሆንም ለአጥሩ ሠራ፤ ከሚገባው በላይ ሠራ። ጀማል አጥሩን በአንድ ሳምንት ጨረሰው። ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች እንደዚያ ተጠልተው ከቆዩ በኋላ ሲዋደዱ ልክ አጡ። ጀማል ለአስር አለቃ ከዝናብ የሚጠለልባት ክፍል ሠራለት። ክፍሏ ማድ ቤት ያስፈልጋታል ተባለ። ማድ ቤቱ በረት አስከተለ። በረቱን የሚደግፍ ግንብ ቆመ፤ ግንቡን የሚደግፍ ሌላ ግንብ። ድንጋዩ ሲያልቅ ከአዲሱ አጥር ጫፍ እየፈቱ ወሰዱ። የካቲት ሲያልቅ አንዱ ግድግዳ የዘጠነኛ ክፍልን መስኮት ጋርዶ ተማሪ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ ይማር ነበር። ርእሰ መምህሩ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ሄደው ሰንብተዋል።

«አስር አለቃ፣ ይኼ ነገር የት ነው የሚቆመው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አቁም የሚል ትእዛዝ የለኝም» አለኝ፤ ለጀማል ድንጋይ እያቀበለ።

ነገሩን ለመምህር ታፈሰ ስነግራቸው ካላየሁ አሉ። ትኩሳታቸው ከፍ ብሏል፤ እትዬ አስካለ ጮኹ፤ የሰማቸው የለም። በጋሪ ጭነን ወሰድናቸው። ጋሪው በር ላይ ሲቆም ከፈረሱ ጀርባ ግቢውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አስር አለቃ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ጀማል በትከሻው ድንጋይ እንደያዘ ፈገግ አለ።

«መምህር፣ ታርቀናል እኮ!» አለ ጀማል። «እንዴት ነው፣ እግርዎ ተሻለ?»

መምህር ታፈሰ ቁልፌን ያዙ። እጃቸው ያቃጥላል።

«አየህ» አሉኝ፤ «ተጣልተው ቁስል ሆኑ፣ ተፋቅረው እጢ ሆኑ። የሠራሁት ስህተት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሁለት ብቻ ናቸው ብዬ ነው። ሦስተኛ አለ፤ በቃ የሚል። ሲጣሉም በቃ፣ ሲዋደዱም በቃ የሚል። በጤነኛ ሰውነት ውስጥ አንድ የሆነ ቦታ አለ፤ መጽሔቶቹ አላገኙትም። በዚህ ግቢ ግን የለም። በኔም እግር ውስጥ የለም።» ወደ ባለጋሪው ዞሩ። «ሐኪሙ ዘንድ ንዳው።»

«ስንት ወር ለምኜህ፣» አሉ እትዬ አስካለ ከጋሪው ኋላ፣ እንባቸው እየወረደ፣ «ለዘበኛ በረት ብለህ ተስማማህ?»

እግሩ ተቆረጠ። ሰውዬው ዳኑ። ያቺን የማትድን ቁስል እያየሁ ለወራት የፈራሁት ነገር እንዲህ በአንድ ጧት አለቀ ማለት ነው፤ ታሪኩ ግን አላለቀም፤ እግሩ ተርፏልና።

መምህር ታፈሰ እግራቸውን አልጥልም አሉ። ለባዮሎጂ ክፍል ማስተማሪያ እንዲሆን በፎርማሊን አስነክረው፣ ክዳን ባለው ትልቅ ባልዲ አስይዘውን ከሆስፒታል ወጡ። መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የሄድነው። አስር አለቃ ክዳኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው።

«መምህር፣ እርስዎ ይግቡ። እሱ ግን መታወቂያ የለውም።»

እትዬ አስካለ ደግሞ፣ «እኔ ቤት ውስጥ ባሌ በሁለት ቦታ አይቀመጥም፤ ይቀበር» አሉ። ጥያቄው ለእድሩ ቀረበ። ባላምባራስ እንደዚያ ያለ ክርክር በዕድሜያቸው አጋጥሟቸው ስለማያውቅ ቂማቸውን ወዲያው ረሱ።

«እድሩ የሚቀብረው አባሉን ነው። እግር ለብቻው አባል ነው?»

መምህር ታፈሰ በክራንች ተደግፈው ተነሡ። «ባላምባራስ፣ እድር የገባሁት የዛሬ ስንት ዓመት ነው። ያን ጊዜ የገባው ሰውዬ ቆዳው ተለውጧል፣ ደሙ ተለውጧል፣ አንጀቱ ስንት ጊዜ ታድሷል። ከዚያ ሰውዬ ብዙ ሳይለወጥ የቀረው ምናልባት ጥርሱ ነው፤ ከአጥንቱም ግማሹ ባልዲ ውስጥ ነው። ይህን እግር አንቀብርም ካላችሁ፣ የምትቀብሩት ሰው በመጨረሻ ማነው?»

የነፍስ አባታቸው፣ ፍትሐት ለነፍስ እንጂ ለእግር እንደማይደረግ አስረዱ፤ እንደ ጎረቤት ግን ቀብር እመጣለሁ አሉ። ሐጂ ሱልጣን፣ «በእኛም ጠቅልለው ይቀብሩታል እንጂ አይሰገድበትም» ሲሉ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ እግር ላይ ተስማሙ። በገዛ ጓሯቸው ሊቀበር ተወሰነ።

የቀረው ማስታወቅ ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በሥራው የሚኮራ ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ፣ ከ18 እስከ ቀራንዮ መምህር ታፈሰ አርፈዋልና ቀብር ውጡ እያለ ለፈፈ። ኋላ ሲጠየቅ አላፈረም። «እኔ ስንት ባለርስት፣ ስንት ግራዝማች በዚህ ጥሩምባ የሸኘሁ ሰው፣ ‘እግር’ ብዬ ልለፍፍ? የእግሩን ባለቤት ጠራሁ፤ ወጉ ይኸው ነው።»

ሕዝቡ መጣ። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የፌርማታው ሊስትሮ ሳይቀር መጣ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮኹ የመጡ ሴቶች በሩ ላይ ሲደርሱ ጩኸታቸው እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። መምህር ታፈሰ በክራንች ቆመው እጅ ይነሣሉ።

«ግቡ፣ ግቡ። ሟቹ ጓሮ ነው።»

«ካልሞትክ ምን ታስለቅሰናለህ!» አሉ አንዲት ዘመዳቸው፤ ከዚያ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው ቅድም ካለቀሱት አብልጠው አለቀሱ። ጀማል ቆፈረ። አስር አለቃ ቢራቱ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። መምህር ታፈሰ ንግግር ያደርጋሉ ብለን ስንጠብቅ፣ «ካልሲ ከመፈለግ ተገላገልኩ» ብቻ ብለው ገቡ።

ከወር በኋላ ማስተማር ጀመሩ። የእግራቸውን ጉማጅ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ጠባሳውን ያሳያሉ። «ጠባሳ ማለት ዘበኛና ግንበኛ በችኮላ የተዋዋሉት ውል ነው። ግቢው ተዘግቷል፤ ግን ድሮ የነበረው ነገር አልተመለሰም። እንሽላሊቷ አትቸኩልም፤ ለዚህ ነው ጭራ ያላት።» በዚያው ዓመት በአገሩ ሁሉ በቃ የሚሉ ሰዎች ተነሡ፤ ዘመን ሲለወጥ ንጉሡም ወረዱ። እነዚያ ሰዎች ራሳቸው በቃን አያውቁም ነበር፤ እሱ ግን የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው፤ ደግሞም ብዙ ሰው ጽፎታል።

ዛሬ ሐኪም የሆኑ ተማሪዎቻቸው ሲሰበሰቡ፣ «መምህር ታፈሰ ከዘመናቸው የቀደሙ ነበሩ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። አሁን የማነባቸው ሊቃውንት፣ ነጭ ሴሎች ቁስል ዘንድ ካልመጡ ቁስሉ አይድንም፣ መጥተው ካልሄዱም አይድንም፤ በእርጅና ዘመን የእነሱ ጉርምርምታ እናት ሴሎቹን ያደክማል፤ እጢ ሲያድግም የሚያባብሉት አሉ ብለው ይጽፋሉ። ጉዳዩ ይመሳሰላል። ልዩነቱ እነሱ መርምረው ነው የደረሱበት፤ መምህር ታፈሰ ያዩት አንድ ዘበኛና አንድ ግንበኛ ነው፤ ስለ ገዛ እግራቸው ደግሞ ተሳስተዋል። በምሳሌ ፍቅር ለመሞት የቀረበ ሰው ቀዳሚ አይባልም። እኔ የማከብራቸው በሌላ ነው፦ ከምሳሌያቸውና ከነፍሳቸው አንዱን ምረጡ ሲባሉ፣ ምሳሌያቸውን በጋሪ ላይ ቁጭ ብለው በገዛ አፋቸው አፈረሱት። ይህን ማድረግ የቻለ ምሁር እምብዛም አልገጠመኝም፤ በመስተዋትም ቢሆን።

በቀብራቸው ዕለት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስደርስ መቃብሩ ገና እየተሠራ ነበር። ጀማል ዛሬ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ጺሙ ሸብቷል፤ ይህን መቃብር ግን ለሠራተኛ አልሰጥም ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ይገነባል። አስር አለቃ ቢራቱ ያው ካፖርት ላዩ ላይ አለ፤ ዓይኑ ደክሟል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማንም ወደ ጉድጓዱ እንዳይጠጋ በዱላው ይከለክላል። ያዘዘው የለም።

«እግሩስ?» ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ። «አውጥቶ አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም?»

«ጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤት ሠርቼበታለሁ» አለ ጀማል አንገቱን ደፍቶ። «ጋሼ ራሳቸው ሥራው ብለውኝ ነው።»

ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ በገመድ ለካ። ሳጥኑ የሚያርፍበትን፣ ግራና ቀኙን አየ። ቀና ብሎ ወደ ሽማግሌው ጮኸ፤ ጆሮውም ደክሟልና።

«አስር አለቃ! ከግራ ጉልበታቸው በታች ያለው ቦታ ባዶ ነው የሚቀረው። በድንጋይ ልሙላው?»

ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ዱላውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«አትሙላው።»

«ለምን?»

«ክፍት ይሁን። እንሽላሊቷን ለእኔም አሳይተውኛል። ቢበቅልላቸውስ?»

ጀማል ያነሣውን ድንጋይ መልሶ አስቀመጠው።